ዝንብ ያረፈበት መስታወት

«የሚስቴ ወንድም ነው፤ የአየር ትንበያ ነበር የሚሠራው» አለ መስታወት ቆራጩ ለደንበኛው፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመስታወት ጋር ሲንጫጫ የኖረ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ከሌላው ሰው ጩኸት ጋር እኩል ነው የሚሆነው። ከሱቁ ጀርባ፣ በአንዲት የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ብቻ በተከፈለችው ክፍል ውስጥ ሽማግሌው ከረባቱን ለአራተኛ ጊዜ ፈትቶ እንደገና እያሰረ ነበር። ሰማ። ከረባቱን ለአምስተኛ ጊዜ ፈታው። በዚህ ቤት በተጠጋባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ውስጥ ለደንበኛ ያልሆነው ነገር የለም። አንድ ሰሞን ካርታ ሠሪ ነበር፤ አንድ ሰሞን የሒሳብ አስተማሪ፤ አንድ ጊዜማ ደንበኛዋ ቆንጆ ስለነበረች ይሁን ስለቸኮለች ባይታወቅም «ጡረታ የወጣ የመርከብ ካፒቴን» ተብሎለታል። እውነተኛው ሥራው የተነገረው አንድ ቀን ብቻ ነው። «ከዋክብት ተመራማሪ ነው» በተባለ ማግስት የሰፈሩ ሴቶች ከበሩ እስከ ውሃ ቧንቧው ተሰልፈው ተገኙ፤ አንዷ የኮበለለ ባሏ በየት አቅጣጫ እንደሄደ፣ አንዷ ልጇ ፈተና ያልፍ እንደሆነ፣ አንዷ ደግሞ የሎተሪ ቁጥር እንዲነግራት ፈልገው። «እኔ ከዋክብትን እለካለሁ እንጂ አላነባቸውም» ብሎ ቢመልሳቸው፣ «ማንበብ ካልቻለ እዚያ ድረስ ምን አስኬደው» እያሉ ተቆጥተው ተበተኑ። ከዚያ ወዲህ መስታወት ቆራጩ የአየር ትንበያን መረጠ። የአየር ትንበያ ወረፋ አያመጣም።

«ታዲያ ዛሬ ይዘንባል ይላሉ?» አለ ደንበኛው።

«ጋሼ፣ ይዘንባል ወይ ይላሉ ሰውዬው» አለ የእህቱ ባል በኮምፔንሳቶው በኩል።

«ከሰዓት በኋላ» አለ ሽማግሌው። ለምን እንዲህ እንዳለ እሱም አያውቀውም። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሃን ጥርት ያለ ነበር።

ይህ ሰው ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ኮረብታ ላይ፣ ጣሪያው ሲዞር ዘይት እንዳጣ ጋሪ በሚያቃስት የሰማይ መመልከቻ ጣቢያ ውስጥ ነው። የተማረ የተባለ ሁሉ፣ ዩኒቨርስ ከአሥራ ሦስት ነጥብ ስምንት ቢሊዮን ዓመት በፊት ከምንም ተነሥቶ በአንድ ታላቅ ፍንዳታ ጀመረ ብሎ ሲስማማ፣ እሱ ብቻ «አልጀመረም» አለ። ነበረ፣ አለ፣ በቃ። ምንም የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ከሌለ ነገርም አንዲት ቅንጣት አትወጣም አለ። በስብሰባ ተናገረው፣ በምሳ ሰዓት ተናገረው፣ የአለቃው እናት ያረፉ ጊዜ ሳይቀር ሐዘንተኞቹ መካከል ቁጭ ብሎ ተናገረው። የሥራ ባልደረቦቹም «ያልፈነዳው» የሚል ስም አወጡለት፤ ኮሪደር ላይ ሲያልፍ ጆሯቸውን በጣታቸው እየደፈኑ ጎንበስ ይሉለት ነበር። መሳቁን ይሳቁ እንጂ እጁ ላይ አንድ ነገር ነበረው። አንዲት ኮከብ። ይህች ኮከብ እንደ ሰው ልብ ትመታለች፤ ትነፋለች፣ ትደምቃለች፣ ትሟሽሻለች። አንዴ ለመምታት ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ይፈጅባታል። እንዲህ ቀስ ብላ የምትመታ ኮከብ ስንት ዓመት ብታረጅ ነው ብሎ ሲያሰላ ሃያ ቢሊዮን ዓመት መጣለት። እናትየዋ ዩኒቨርስ አሥራ ሦስት፣ ልጅየዋ ኮከብ ሃያ። «ወይ ልጅቷ ዕድሜዋን ጨምራለች፣ ወይ የእናቲቱ ልደት በግምት ነው የተጻፈው» ይል ነበር፤ በሕይወቱ የተናገራት ብቸኛ ቀልድ ይቺ ስለነበረች በየስብሰባው ይደግማታል።

ማስረጃው ስልሳ አራት የፎቶ መስታወት ነው። ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት ሰማይ የሚነሣው በፊልም ሳይሆን መድኃኒት በተቀባ ቀጭን መስታወት ላይ ነበር፤ ምስሉ ግልባጭ ስለሆነ ሰማዩ ደፍረስ ያለ ቡናማ፣ ከዋክብቱ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ሆነው ይወጣሉ። የመጀመሪያዎቹን ሰባት ዓመታት ከሱ በፊት የነበሩ ሰዎች አነሡ፣ የቀረውን ራሱ። አንዱ መስታወት ብቻውን ምንም አይናገርም። ነገሩ ያለው በአንዱና በሌላው መካከል ባለው ልዩነት ውስጥ ነው፤ በዚህ ዓመት ነጥቧ ምን ያህል ወፍራለች፣ በዚያኛው ምን ያህል ቀጥናለች። ጣቢያው ኮምፒውተር ያስገባ ጊዜ መስታወቶቹ በሙሉ ይጣሉ ተባለ፤ እሱ ስልሳ አራቱን ሣጥን ውስጥ አድርጎ በጋሪ ጭኖ እህቱ ቤት አመጣና አልጋው ሥር አስገባቸው። ከዚያ ሳይንሳዊ ጽሑፉን ለአንዱ መጽሔት ላከ፤ ተመለሰ። ለሌላው ላከ፤ ተመለሰ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ መስታወቱን በመሣሪያ ያነበበ ገለልተኛ ሰው የለም። አሁን ግን እንዲህ ያሉ አሮጌ መስታወቶችን የሚያነብ መሣሪያ ይዛ ከሌላ ከተማ አንዲት ባለሙያ መጥታለች፤ ነገ ወደ ከተማዋ ትመለሳለች። ከሦስት ቀን በፊት ደውላ፣ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ የጣቢያው ኮሚቴ ፊት ይዘዋቸው ይቅረቡ፣ አነባቸዋለሁ ብላዋለች። ዕድሜው ሰባ አንድ ነው። ሌላ ባለሙያ እስክትመጣ የሚጠብቅበት ዕድሜ የለውም።

እህቱ ሻይ ይዛ ገባች። የተተኮሰ ሸሚዙን አልጋው ላይ ዘርግታ፣ የከረባቱን ቋጠሮ አቃናችለትና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብላ አየችው። የጣቶቿ ጫፍ ውሃ ውስጥ እንዳደረ ባቄላ ተጨማዷል፤ ሁለቱ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል፤ ከእጇ የበረኪና ሽታ ይመጣል።

«ጣትሽ ምን ሆነ፣ እታለም?»

«ምን ይሆናል፣ ሥራ ነዋ።» ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋን መደበቅ ፈልጋ ያቃታት ትመስላለች። «ዛሬ አታፍርም፣ ጋሽዬ። እኔ እያለሁ እነዚያ ሰዎች ፊት አታፍርም።»

ስለ ሸሚዙ መሰለው። «እግዜር ይስጥሽ» አላት። ሌላ የሚባባሉት ነገር አልነበራቸውም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ በዚህች ክፍል ውስጥ ስለ ሻይ፣ ስለ ጉንፋን፣ ስለ ጣሪያው ፍሳሽና ስለ ሟች እናታቸው ተነጋግረዋል፤ አልጋው ሥር ስላለው ሣጥን ግን አንድ ቀንም አልተነሣም። እሷ ያልጠየቀችው እሱ ባለመናገሩ ነው፤ እሱ ያልነገራት እሷ ስላልጠየቀች ነው። የእህቱ ባል እንኳን ቢያንስ አንድ ጊዜ ሣጥኑን ከፍቶ አይቶ፣ አንዱን መስታወት በጥፍሩ ኳ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ቀጭን መስታወት ድሮ ቀረ፤ አሁን የሚመጣው ሳይነኩት የሚሰበር ነው። ለፎቶ ፍሬም እንዴት ያለ ይሆን ነበር» ብሎት ነበር። ያን ዕለት ሽማግሌው ሣጥኑን በገመድ አሠረው።

ዛሬ ጠዋት ገመዱ ከወትሮው ለየት ባለ ቋጠሮ መታሰሩን አይቷል። እጄ እያረጀ ነው ብሎ አለፈው።

ታክሲ ውስጥ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ አቀፈው። አጠገቡ የተቀመጠች ወፍራም ሴትዮ ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሣጥኑን አብራው ትደግፍለት ነበር። «ምንድን ነው አባባ የያዙት፣ ዕቃ ነው?» አለችው።

«ሰማይ ነው» አላት፣ ዛሬ ደስ ስላለው።

ሴትዮዋ ሣጥኑን አየት፣ እሱን አየት አደረገች። «ሙሉውን ነው?» አለችው።

«ስልሳ አራት ቁራጭ።»

«እንግዲያው ቀስ ይበሉ» አለችና እጇን መልሳ ሣጥኑ ላይ አኖረች። ከሁሉ ባልደረቦቹ ይልቅ ነገሩን ከምር የያዘችው እሷ ነበረች። ሲወርድም «ክዳኑን እንዳይከፍቱ፣ ንፋስ አለ» ብላ መከረችው።

የመሰብሰቢያው ክፍል ያው የድሮው ነው፤ ወንበሮቹ ብቻ ተለውጠዋል። የጣቢያው ኃላፊ በአንድ ወቅት ተማሪው የነበረ፣ ኋላ ላይ ጡረታውን የፈረመበት ሰው ነው። ሁለት የኮሚቴ አባላት ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከወዲሁ ሰዓቱን ያያል፣ ሌላኛው በእስክሪብቶ ጆሮውን ይቆረቁራል። ባለሙያዋ አጭር፣ ጸጉሯን የቆረጠች ሴት ነች፤ ከሥሩ መብራት የሚበራ ጠረጴዛዋንና መሣሪያዋን ዘርግታ የጨርቅ ጓንት አጥልቃ ትጠብቃለች። «ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት» አለችው። «ልክ ይሁን አይሁን አላውቅም። ግን ነጥቧ እንዳሉት ከሆነች ቁጥሩን ራሴ ጽፌ እፈርምበታለሁ።» ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ተብሎ አያውቅም። ከረባቱን አቃና።

ገመዱን ፈታ። መስታወቶቹ እንደ ወትሮው በየኤንቨሎፓቸው በቁጥር ተራ ተደርድረዋል፤ በላያቸው ላይ በራሱ እጅ ጽሑፍ ቀንና ሰዓት አለ። ገለጻውን ከመጨረሻው ዓመት ጀምሮ ወደ ኋላ ሊያቀርብ ስላሰበ ስልሳ አራተኛውን አወጣና ሰጣት። ባለሙያዋ የበራው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። በመስታወቱ ውስጥ ያለፈው ብርሃን የሁሉንም ፊት አበራ። ማንም ምንም አላየም፤ የሚታይ ነገር አልነበረም። ስልሳ ሦስተኛውን አወጣ። ስልሳ ሁለተኛውን አወጣ። እጁ እየፈጠነ ሄደ። ጥርት ያለ፣ ጭረት የሌለው፣ እንከን የማይወጣለት መስታወት። የመሥሪያ ቤቱ መስኮት እንኳ እንዲህ ንጹህ ሆኖ አያውቅም። በሃምሳ ስምንተኛው ጥግ ላይ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ቡናማ ቅሪት ነበረች፤ በምላጭ ስትፋቅ ያመለጠች። አፍንጫው ሥር ደግሞ የሚያውቀው ሽታ መጣ። በረኪና።

የእህቱን ጣቶች አስታወሰ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ጽሑፉን ሲያስተይብና ጸጉሩን ሲስተካከል ነበር የዋለው። ባለሙያዋ የደወለች ዕለት ደግሞ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ ስልኩ ስለማይሰማ እየጮኸ «እያንዳንዱን መስታወት ብርሃን ላይ አድርገው ነው የሚያዩት?» ሲል፣ እሷ ከኋላው ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ለባሏ ሱቅ መስታወት ስታጥብ የኖረች ሴት ነች። ለሷ ጥሩ መስታወት ማለት መኖሩ የማይታወቅ ነው።

«መምህር፣ ባዶ ነው እኮ» አለ ኃላፊው።

አንደኛው የኮሚቴ አባል አንደኛ ቁጥር የተጻፈበትን ኤንቨሎፕ ራሱ አንሥቶ አራገፈው። «ይሄ ደግሞ ጭራሽ መስታወቱም የለም» አለና ሳቁን በመሐረቡ አፈነው።

ባለሙያዋ አልሳቀችም። ያቺን ቡናማ ቅሪት በማጉያ ስታይ ቆየችና ቀና ብላ፣ እሱ ብቻ እንዲሰማት ያህል ዝቅ ባለ ድምፅ «ማን አጠባቸው?» አለችው። ነገሩን አውቃዋለች። አንዲት ቃል ይበቃው ነበር፤ እህቴ ቢል ያዝኑለታል፣ ወንበር ያቀርቡለታል፣ ምናልባትም ባለሙያዋ በሄደችበት ሁሉ ማስረጃው በድንገት የጠፋበት ሰው አለ ብላ ታወራለታለች። የኃላፊውን ፊት አየ። ይህ ሰው ወሬውን ከዚህ ክፍል ይዞ ሲወጣ፣ ያልፈነዳውን እህቱ በሳሙና አጠበችው እያለ በየምሳው ሲያወራ፣ ወሬው እየተንከባለለ አንድ ቀን መስታወት ሊያስቆርጥ በመጣ ደንበኛ አፍ እሷው ጆሮ ሲገባ ታየው።

«ማንም አላጠባቸውም» አለ። «እንዲህ ነው ያነሣኋቸው።»

«ምንድን ነው ያነሡት?» አለ ኃላፊው።

«የናንተን ነው። ከመፈንዳቱ በፊት ያለውን። ሁልጊዜ ምንም አልነበረም ትሉኝ አልነበር? ይኸው፣ በስልሳ ሦስት ኮፒ።»

ሁለቱ የኮሚቴ አባላት ሳቃቸውን ለቀቁት። ኃላፊው ግን ተቆጣ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «አመልካቹ ባዶ መስታወት በማቅረብ በኮሚቴው ላይ ቀልዷል፤ ጉዳዩ ለመጨረሻ ጊዜ ተዘግቷል» ብሎ ጻፈና በማኅተም መታው። ባለሙያዋ ጓንቷን አንድ ጣት በአንድ ጣት እያወለቀች «ሁለት ቀን ተጉዤ ነው የመጣሁት» አለች። መልሳ አላየችውም። እሱ መስታወቶቹን በየኤንቨሎፓቸው በቁጥር ተራ መለሰ፤ አንዱንም አላዛነፈም።

ሲወጣ ዝናቡ ይወርድ ነበር። ሱቁ ሲደርስ ልብሱ ገላው ላይ ተጣብቋል፤ ሣጥኑን በኮቱ ሸፍኖ ስላመጣው ሣጥኑ ብቻ ደርቋል። የእህቱ ባል በሩ ላይ ቆሞ ሰማዩን እያየ ነበር፤ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በአክብሮት አየው። «ጋሼ፣ ልክ ነበሩ» አለው። «ሰውዬው እኮ የእርስዎን ቃል ሰምቶ መስታወቱን በላስቲክ አስጠቀለለ። እኔማ ሥራዎን እንዲህ እንደሚችሉት አላውቅም ነበር።»

«እነዚህን ውሰዳቸው» አለው ሽማግሌው፣ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ እያኖረ። «ለፍሬም ይሆናሉ ብለህ ነበር።»

ቆራጩ አንዱን አውጥቶ ወደ መብራቱ ቀና አደረገው። «አይ መስታወት» አለ፣ እንደ መጸለይ ብሎ። «አይ መስታወት።»

እህቱ ክፍሉ ውስጥ ፎጣና ደረቅ ካልሲ ይዛ ትጠብቀዋለች። ዝናቡ ቆሞ በመስኮቱ የአሥራ አንድ ሰዓት ጸሐይ ገብታለች። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ እሷ አጠገቡ በርጩማው ላይ። ጸጉሩን በፎጣ እያደረቀችለት ብዙ ቆየች።

«አዩዋቸው?» አለችው በመጨረሻ።

«አዩዋቸው።»

«ብርሃን ላይ አድርገው?»

«ብርሃን ላይ አድርገው። እንዲህ ያለ ንጹህ መስታወት አይተን አናውቅም አሉ።»

ፊቷ በራ። «አጥብሃቸው ብትሄድ ምን ነበረበት እያልኩ በሆዴ ስንት ጊዜ ተናደድኩብህ መሰለህ። ስትረሳው ጊዜ እኔው ገባሁበት። የፈላ ውሃ ብል እምቢ፣ ሳሙና ብል እምቢ፣ በረኪናና ምላጭ ነው የገላገለኝ። የስንት ዘመን ዝንብ ነው እንደዚያ የተጫወተበት? ከላይ እስከ ታች ጥቁር ጥቁር ብቻ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አንዷ ብቻ አልለቅ አለችኝ። ያሳፍረዋል ብዬ ደበቅኳት። አልጎደለችባቸውም?» ከአልጋው ራስጌ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ሰጠችው።

ፈታው። አንደኛው ቁጥር ነበር፤ ከሁሉም የሚያረጀው፣ ሌሎች ሰዎች ያነሡት፣ መድኃኒቱ በሌላ ዓይነት ቅባት ስለተሸፈነ በረኪናው ያልደፈረው። ወደ መስኮቱ ዞሮ ቀና አደረገው። ሰማዩ ቡናማ፣ ከዋክብቱ ጥቁር። ከመካከሉ ትንሽ ወደ ግራ፣ ሦስት ነጠብጣቦች አጠገብ፣ ኮከቧ ነበረች። ደህና ነበረች። ብቻዋን ምንም የማትናገር፣ ከምንም ጋር የማትወዳደር አንዲት ነጥብ።

ጋዜጣው ውስጥ መልሶ ጠቅልሎ «አልጎደለችም» ቢላት ኖሮ ቀኑ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አፉን የበላው ነገር ነው፤ ዛሬ ደግሞ ላስረዳ ብሎ ለብሶ ወጥቶ ሳያስረዳ ነው የተመለሰው። እህቱ አጠገቡ ነች፣ ብርሃኑም አለ።

«ነይ እስቲ እዪ» አላት። «ይቺ ትታይሻለች? ከሦስቱ አጠገብ ያለችው።»

«ዝንቧ?»

«ዝንብ አይደለችም፣ እታለም። ኮከብ ነች። እኛም እናታችንም የእናታችን እናትም ሳንወለድ እዚያው ነበረች። ልብ አላት። አንዴ ለመምታት ሠላሳ ስምንት ዓመት ይፈጅባታል። እዚህ ላይ ቀጭን ነች አይደል? በአሥረኛው ዓመት ትንሽ ትወፍራለች፤ በሃያኛው ይህን ታህላለች» አለና የትንሽ ጣቱን ጥፍር አሳያት። ድምፁ ሞቀ። ስለ እናትና ልጅ ዕድሜ ያቺን ቀልዱን ነገራት፤ ሳቀች፣ በቀልዱ ከልቧ የሳቀች የመጀመሪያዋ ሰው ነች። ጸሐይዋ በመስታወቱ ውስጥ አልፋ ጉንጯ ላይ ነጠብጣብ ጣለች። ወደ መስታወቱ ተጠግታ፣ ትንፋሿ እንዳያጨልመው አፏን በእጇ ሸፍና፣ ረጅም ጊዜ አየች።

«ስትወፍር የምትታየውስ የት ላይ ነው?» አለች።

መስታወቱን ከብርሃኑ ላይ አወረደው።

ከሱቁ በኩል መስታወት መቁረጫው ጭርር አለ፤ ጠብ። እንደገና ጭርር፣ ጠብ። እህቱ ወደ ኮምፔንሳቶው ዞረች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። ዛሬ ኮሚቴው ፊት አንድ ውሸት በቀላሉ ነበር የመጣለት፤ አሁን ሁለተኛ ፈልጎ አጣ።

«ጋሽዬ» አለች። «ሌሎቹም ላይ ነበረች?»

ፕላስተር የተለጠፈባቸውን ጣቶቿን አንድ በአንድ እያጠፈች ሽርጧ ሥር ከተተቻቸው።

«አንቺ ሴትዮ፣ እስቲ ነይና እዪ» ሲል ባሏ ከሱቁ ተጣራ። «እነዚህን መስታወቶች እንዴት አድርገሽ ነው ያጸዳሻቸው?»

አልተነሣችም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያስረዳ የኖረ ሰው ነው፤ እንዲህ ጥርት ብሎ የገባው ሰው ግን ከዚያ ቀን በፊት ገጥሞት አያውቅም።